ጋሽ ያዕቆብና የእናቴ አውራ ጣት

ጋሽ ያዕቆብን ሳውቃቸው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሚዛን፣ በልጆቻቸው መካከል በሰላም አርፈዋል። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ሳረዳ ልቤ ያዝናል፤ ስለ እሳቸው ሳወራ ግን ፈገግታዬ ይቀድመኛል።

ጋሽ ያዕቆብ በመንግሥት ቦንድ ሰነድ ላይ ከሚፈርሙት ሁለት ኃላፊዎች አንዱ ነበሩ። እናቴ የዓመት ቡናዋን ሸጣ ቦንድ የገዛች ጊዜ፣ ሰነዱን ልንቀበል አዳራሽ ተሰበሰብን። ሁለተኛዋ ፈራሚ ወይዘሮ አስቴር ግን ለሥራ ማጂ ሄደው፣ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦባቸው ነበር።

«ያዕቆብ፣ በእሷም ቦታ አንተው ፈርምና ሕዝቡን አሰናብት» አሏቸው አለቃቸው።

«ጌታዬ፣ የእኔ እጅ የአስቴር እጅ አይሆንም። ሕጉ ሁለት ፊርማና ማኅተም ነው የሚለው።»

ከዚያም ከሰነዶቹ ክምር ላይ የነበረውን የእናቴን ሰነድ ብድግ አድርገው ለሕዝቡ አሳዩ። «ይቺ ባዶ ቦታ ካልሞላች ሰነዱ አይጸናም፤ ታገሡን» አሉና ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩት።

እናቴ ቡና ስታስረክብ የምትፈርመው በጣቷ ነው። ተነሥታ ሄደች፤ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ በወይዘሮ አስቴር ቦታ ላይ ጫን አደረገች!

«ይኸው፣ ሞላሁላችሁ!»

አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አንዱ «እማማ፣ መቼ ተሾሙ?» ሲላት ነገሩ ገባት። «ወይኔ ልጄ፣ ቡናዬን በላሁት!» ብላ አለቀሰች።

ጋሽ ያዕቆብ አልሳቁም። አጠገቧ ቁጭ ብለው «እማማ፣ የተበላሸው ወረቀቱ ነው፤ ገንዘብዎ የትም አልሄደም። ይሄ ይሰረዛል፣ ሌላ ይወጣል» አሏት።

መንገዱ ሲከፈት እናቴን ራሳቸው መጥተው ወሰዷት። እሳቸውና ወይዘሮ አስቴር በአዲሱ ሰነድ ላይ ፊቷ ፈረሙ። ማኅተሙን ካሳረፉ በኋላ ጋሽ ያዕቆብ ቀና ብለው «ይበቃል፣ ወይስ ጣትዎን እንጨምርበት?» አሏት። ያን ጊዜ ሳቀች። ጊዜው ሲደርስ ያ ሰነድ የቤታችን ቆርቆሮ ሆነ።

ጋሽዬ፣ ቆርቆሮው ዛሬም አያፈስም። እናቴም «ከሹመቴ የሻሩኝ ሰው» እያለች ታነሣዎታለች። በሰላም ይረፉ። ልጅዎ ማርታ በስምዎ የቀረውን ቦንድ ወደ እሷና ወደ ወንድሟ ስም ልታዛውር ሄዳ ነበር። «ለወንድምሽም አንቺው ፈርሚ፤ በስልክ ተስማምቷል» አሏት የቢሮው ሠራተኞች። እስክሪብቶውን አስቀመጠች፤ ወንድሟ ከቴፒ እስኪመጣም በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችው።