የደበቅኩት የአስም መድኃኒት

ፖሊሶች የያዙኝ አዳማ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። ቦርሳዬንና ስልኬን ሲወስዱ በአፍ የምትሳበውን የአስም መድኃኒቴን፣ ፓፌን፣ ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸሸግኳት። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ስምንት ሴቶች፣ አንድ የሽንት ባልዲ፣ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታክል መስኮት። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይፋጃል።

ከሴቶቹ አንዷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የወንጂ አገዳ ቆራጭ ሚስት ናት፤ ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን አመጧት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ድምፁን አወቅኩት፤ የኔም ሲነሳብኝ እንደዚያው ነው።

«መድኃኒት የለሽም?» አልኳት።

«ነበረኝ። ለጽንሱ... አይሆንም ሲሉኝ ተውኩት።»

ያቺን ቃል እንደ ምክንያት ያዝኳት። ለልጁ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን ፓፌ ልታልቅ ነበር፤ መቼ እንደምፈታም አላውቅም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቀትር ላይ ምጥ ያዛት። አንዲት የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ፣ ትልቅ ሴት፣ ከኋላዋ ሆነው ቀና አድርገው ደገፏት። «አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» ይሏታል። እኛ በሩን ደበደብን። ጠባቂው «መኪና ተጠርቷል፣ ጠብቁ» አለ። ከንፈሯ እየጠቆረ ሄደ። መናገር አቅቷት አየችኝ።

ያኔ ፓፌን አወጣኋት። ከየት እንዳወጣኋት ሁሉም አዩ። ደግፌ አፏ ላይ ያዝኩላት፤ ሳበች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ሳበች። ትንፋሿ መለስ አለ። መኪናው ሲመጣ ፓፌን መዳፏ ውስጥ አስጨበጥኳት።

እሷን ይዘው ሄዱ፤ በሩ ተመልሶ ተዘጋብን። እህል ነጋዴዋ እናት «ለጽንሱ ሰግተሽ ነው አይደል?» አሉኝ፤ መውጫ ሊሰጡኝ ፈልገው ይመስለኛል።

«አይደለም እናቴ» አልኳቸው። «ለራሴ ነው የሳሳሁት። ከጠዋት ጀምሮ ነበረኝ።»

አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ።

ከተፈታሁ በኋላ አንዲት ሐኪም ጠየቅኩ። ጽንስን የሚጎዳው መድኃኒቱ ሳይሆን የእናቱ አየር ማጣት ነው አለችኝ።

ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። ስልኬን አፈላልጋ አግኝታ በየዓመት በዓሉ ትደውልልኛለች። «ስላንቺ ለልጄ እነግራታለሁ» ትለኛለች።

ምን ብላ እንደምትነግራት ጠይቄያት አላውቅም።