የእናቴ ጀርባ፦ ከዓለም ባንክ እስከ ቤቴል

ንጋት 12 ሰዓት፣ ዓለም ባንክ ሰፈር

እናቴ ለባብሳ ደጅ ላይ ተቀምጣለች። ቁርጭምጭሚቷ ከተሰበረ ሳምንት ሆነው። አስም ስላለባት ለቀዶ ጥገናው ሙሉ በሙሉ ማስተኛቱ ያሰጋል፤ ከወገብ በታች ብቻ ይደንዝዝ ተብሏል። ባለፈው ሌላ ሆስፒታል ጀርባዋን አምስት ጊዜ ወግተዋት መርፌው አልሆን ሲል "በቃኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ" አለች። ጎረቤታችን ደግሞ "ያ መርፌ ሽባ ያደርጋል" ብላ ጨረሰቻት። ዛሬ እሺ ያሰኘኋት በስንት ልመና ነው።

12:40፣ አየር ጤና

ኮንትራት ታክሲያችን በሚኒባሶች መሀል ተቀርቅሯል። ጋራዦቹ ገና አልከፈቱም፤ ፓስቲ ጠባሿ ግን ሥራ ጀምራለች። ሽታው በመስኮት ሲገባ፣ ከማታ ጀምሮ እህል ያልቀመሰችው እናቴ ፊቷን አዞረች።

"እማማ፣ ቀስ ብዬ ልንዳ? መንገዱ ያንገጫግጭዎታል" አለ ሾፌሩ።

"ንዳው ልጄ። ሐሳቤን ሳልቀይር አድርሰኝ።"

3 ሰዓት፣ ቤቴል፣ ሆስፒታል

የሰመመን ባለሙያው ወጣት ነው። ትከሻዋን እንድይዝላት ቆብና ጋውን አልብሶ አስገባኝ። አልትራሳውንዱን ሲጎትት እናቴ ክው አለች።

"በዚህ ዕድሜዬ እርጉዝ ነዎት ልትለኝ ነው?"

ሳቅን። "አይደለም እማማ። የጀርባ አጥንቶችዎ በዕድሜ ተጠጋግተዋል፣ በእጅ ብቻ ዳስሶ ማግኘት ይከብዳል። መርፌው የሚገባበትን ክፍተት ቀድሜ በዚህ ልየው ብዬ ነው።"

ጀርባዋን ቀዝቃዛ ቅባት ቀባና መሣሪያውን አስጠጋ። እሷ ዞር አለች። "ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ጀርባዬን ሰጠሁህ።" ምስሉ ጠፋ። አጎነበሰች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዞረች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ባለፈው የዚያኛው ሆስፒታል ነርስ "አልቀመጥ አለች" ስትለኝ ፈርታ መስሎኝ እናቴን ተቆጥቻት ነበር። እሷ ግን ለሰው ጀርባ መስጠት ነውር ስለሚመስላት አይሆንላትም። አፈርኩ።

"እማማ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ጀርባዎን ለማየት ነው" አላት ባለሙያው። "ጀርባዎን ሲሰጡኝ አከበሩኝ ማለት ነው።"

ግንባሯን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ነጫጭ ጉብታዎች፣ በመሀላቸው ጠባብ ክፍተት ታየ። በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ፣ አጸዳ፣ ወጋ።

"መቼ ነው የምትወጋኝ?" አለች እናቴ።

"ጨርሻለሁ እኮ።"

7 ሰዓት፣ ማገገሚያ ክፍል

ቀዶ ጥገናው በሰላም አልቋል። እናቴ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

"እግሬ የለም።"

"ይመለሳል አሉ እኮ።"

"ካልተመለሰስ?"

ጎትጉቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። አንሶላውን ገልጬ ደህናውን እግሯን ማሸት ጀመርኩ፤ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አውራ ጣቷ ንቅንቅ አለ።

"እማ፣ ደግመሽ አንቀሳቅሺው።"

አንቀሳቀሰችው። እንባዬ መጣ።

"አየሽው?" አለች እናቴ።

"አየሁት።"

"እስቲ ደግሞ እዪው" አለችኝ።