ግራ እጅ ወደ ኋላ

መሥሪያ ቤቱ ባለ አራት ፎቅ ነው፤ መግቢያው ግን አንድ በር ነው። ወንዶቹ በቀኝ ሴቶቹ በግራ ይገባሉ። በግራ በኩል ቡናማ መጋረጃ ተጋርዷል፤ ከመጋረጃው ጀርባ እማማ ፍተሻ አሉ። ትክክለኛ ስማቸው ደረታቸው ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ ተጽፏል፤ ጎንበስ ብሎ ያነበበው ሰው ግን የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሠራተኛዋንም ባለጉዳይዋንም በእጃቸው ሲፈትሹ ኖረዋል፤ ትከሻ፣ ብብት፣ ወገብ፣ ኪስ።

እጃቸው የማያውቀው ጉድ አልነበረም። የሒሳብ ክፍሏ ሴትዮ ማርገዟን ከባሏ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ ከስታ አጥንቷ እጃቸው ላይ ሲቆጠር፣ "ነገ ዛሬ ሳትዪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ" ብለው የተቆጧትም እሳቸው ናቸው። ከሁሉም በላይ አንጀታቸውን የምትበላቸው ግን የመዝገብ ቤቷ ልጅ ነበረች። ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ሲፈትሿት ደግሞ ዓይኗን ትጨፍናለች። "ምስኪን፣ እጅ ሲያርፍባት ደስ ይላታል" ይሉ ነበር ለራሳቸው። ስለዚህ እሷ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ዘግየት ይላል፤ ኮሌታዋን ያቃናል፤ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል።

ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልናገረው፤ እማማ ቤታቸው ሲገቡ የሚነካቸው ሰው አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ከገባች ሰባት። ማታ የተከራዩዋትን አንድ ክፍል ሲከፍቱ ወንበሯ ጠዋት በተዉበት ቦታ፣ ጠዋት ወደዞረችበት እንደዞረች ትጠብቃቸዋለች። ሬዲዮ ከፍተው ዜና አንባቢውን "ደህና እደር የኔ ልጅ" ይሉታል። ሰው ቢሰማቸው ይስቅባቸው ነበር፤ የሚሰማ ስለሌለ ማንም አልሳቀም። በቀን ሁለት መቶ ትከሻ መዳሰስ ለሌላው አሰልቺ ሥራ ነው። ለእሳቸው ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር መዋል ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጥበቃ ኃላፊው አጭር ጥቁር ዱላ የሚመስሉ ሁለት መሣሪያዎች ይዞ መጣ። ብረት መፈለጊያ ናቸው። አንዱን ለእማማ፣ አንዱን በወንዶቹ በኩል ለሚፈትሸው ጡረታ ለወጣው አሥር አለቃ ሰጣቸው።

"ከዛሬ ጀምሮ በእጅ መፈተሽ ቀርቷል" አለ። "ቁልፉን ይጫኑታል፣ ከሰውነት አራት ጣት ያርቁታል፣ ከራስ ጀምረው ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ካልጮኸ ሰው አይነካም። ከጮኸ ብቻ የጮኸበትን ቦታ በእጅ ያያሉ።"

"አራት ጣት የማን ጣት?" አሉ እማማ። ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መዓት ነበር። መጀመሪያ ቁልፉን ሳይጫኑ አሥራ ሁለት ሴት አሳለፉ። ከዚያ መሣሪያውን እንደ ልብስ ብሩሽ ቀሚስ ላይ ይፈትጉት ጀመር። አንዲት ባለጉዳይ በሰላም አልፋ ደረጃውን ስትጀምር እጃቸውን ወደ ብረት ጠረጴዛው ሲመልሱ "ጢጥ" አለ፤ ደንግጠው "ያዟት!" ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። አሥር አለቃ ከመጋረጃው ማዶ ሆኖ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ።

ጠረጴዛውን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ማሽኑ በሴት ሁሉ ላይ መጮህ ጀመረ። ትከሻ ላይ ይጮኻል፣ ወገብ ላይ ይጮኻል፣ ብረት የሚባል ነገር ያልነካት ሴት ላይም ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር እማማ በእጃቸው ይፈትሻሉ፤ ምንም የለም። ሰልፉ እስከ መንገዱ ደረሰ።

"የዚህ ቤት ሴት ሁሉ ታጥቃ ነው እንዴ የምትገባው?" አለ አሥር አለቃ።

ኃላፊው መጥቶ ቆሞ አያቸው። ነገሩን ለማወቅ ሦስት ሴት ማየት በቃው። ስድስት ዓመት የለመደ ግራ እጅ ቀኙን ብቻውን አይልክም። ማሽኑ በወረደበት ሁሉ ግራ እጃቸው እያሻሸ ይከተላል፤ ግራ እጃቸው ላይ ደግሞ የጋብቻ ቀለበታቸው አለ።

"እማማ፣ የሚጮኸው እኮ በእርስዎ ላይ ነው" አለ።

ቀለበቱን ሊያወልቁት ሞከሩ። በሳሙናም ሞከሩ። ጣታቸው አብጦ ስለነበር እንቢ አለ። "እንግዲያው ይተዉት" አለ ኃላፊው፣ "ግራ እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ። በቃ።"

ማክሰኞ ግራ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አጥፈው ሠሩ። ማሽኑ ጭጭ አለ። ሴቶቹ እጃቸውን ዘርግተው ቆም ይሉና ያልፋሉ፣ ቆም ይሉና ያልፋሉ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰልፍ የሚባል አልነበረም፤ እማማም አንድ ሰው አልነኩም። ማታ ቤታቸው ገብተው ወንበሯ ላይ ሲቀመጡ ምንም ሥራ ሳይበዛባቸው ደከማቸው። ሬዲዮውንም አልከፈቱም።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ነገር አደረጉ። ሌብነት አይባል፣ ጽድቅም አይባል። ማሽኑ የሴትዮዋ ትከሻ ጋ ሲደርስ ግራ እጃቸውን ከኋላቸው አውጥተው ትንሽ አስጠጉት። "ጢጥ።"

"ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ጮኸ እኮ። ደንቡ ነው" አሉና በእጃቸው ፈተሹ። ትከሻው ሞቃት ነበር። ለሁሉም አላደረጉትም፤ ለሚወዷቸው ብቻ ነው።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ላይ ረቡዕ ጮኸ። ሐሙስ የፀጉር መቆንጠጫዋን አውልቃ መጣች፤ ጮኸ። ዓርብ ሰዓቷንም ቀበቶዋንም አውልቃ፣ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ባዶ እጇን ቆመች። ዓይኗን ግን አልጨፈነችም። ማሽኑን ሳይሆን ግራ እጃቸውን ታይ ነበር። "ጢጥ" አለ።

"ቀለበትዎ ነው እማማ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እማማ ግራ እጃቸውን ቶሎ ወደ ኋላ መለሱ።

"አይቀየሙኝ። ለማንም አልናገርም" አለች ልጅቷ። "እኔ ሰው ሲነካኝ አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ እናቴም ብትሆን። ስድስት ዓመት እዚህ ጋ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው። ማሽኑ መጣ ሲባል ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር። እርስዎን ጠልቼ አይደለም።"

እማማ "እሺ ልጄ" ብቻ አሉ። ልጅቷ ቀበቶዋን አንስታ ሄደች። ያን ቀን እስከ ሥራ መውጫ አንገታቸውን ደፍተው ዋሉ። የኮሌታው ነገር፣ ያ ትከሻ መታ መታ ማድረግ፣ አንድ በአንድ እየመጣ ያቃጥላቸው ጀመር። ፍቅር የሰጠሁ መስሎኝ ሳስጨንቅ ኖሬያለሁ አሉ። አሥር አለቃ "ምነው ዛሬ ማሽኑም እርስዎም ዝም አላችሁ?" ሲላቸው "አሞኛል" አሉት፤ ውሸት አልነበረም።

ሰኞ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ፤ ለሁሉም። መሣሪያውን አራት ጣት አርቀው፣ ከራስ ጀምረው፣ ቀስ እያሉ አወረዱት። ኃላፊው አልፎ ሲያይ "እንዲህ ነው እንጂ፣ ለመዱት" አለ። እውነትም ለምደውት ነበር።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ገባች። እጆቿን ዘረጋች። ማሽኑ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ እግር ወረደ፤ ምንም አላለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቦርሳዋን ነጥቃ ደረጃውን ትሮጠው ነበር። ዛሬ መጋረጃውን ገልጣ ልትወጣ ስትል ዞር አለች።

"እማማ፣ ግን እርስዎ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?"

በስድስት ዓመት ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የሚመልሱት ሞልቶ ነበር፤ ባላቸው፣ ልጃቸው፣ ወንበሯ፣ ዜና አንባቢው። ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባቸው። ልጅቷ መጋረጃውን እንደያዘች ጠበቀች። ከኋላ ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። እማማ ግራ እጃቸውን ከኋላቸው ሳያወጡ፣ ዓይኗን ሳያዩ፣

"ቀጣይ" አሉ።

ቀኑን ሙሉ ያንን ቃል ያወጣ አፋቸውን ሲረግሙ ዋሉ። ነገ ደግማ ብትጠይቀኝ እያሉ፣ የሚመልሱላትን ለራሳቸው እየነገሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።