በቅቤ የታሸው ኮርቻ

መርሳ ውስጥ ብስክሌት ሞቶ የሚቀበረው ኢዘዲን ቤት ነው ይላል ሰው። ሚስቱ ነሲባ ግን አትስማማም። «ቢቀበርማ ምን ነበረበት! አፈር ይመለስበትና እንረሳዋለን። እዚህ ቤት የሞተ ብስክሌት ቁጭ ብሎ ነው የሚያየን» ትላለች።

እውነቷን ነው። ኢዘዲን ከገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። የሐብሩ ሱሪ ግማሹ በእሱ እጅ አጥሯል፣ ጠቧል፣ ተጠግኗል። በስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ላየው ረጋ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ጨዋ ሰው ነው። የድሮ ብስክሌት ወሬ ከሰማ ግን አለቀ! የደንበኛውን ሱሪ አንዱ እግር ተሰፍቶ አንዱ እንደተንጠለጠለ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ቀን ውርጌሳ ከጎተራ ጀርባ፣ ሌላ ቀን ሐራ ከፍየል በረት ጣሪያ ላይ፣ ዝገት የበላው ብረት ተሸክሞ ማታ ይመለሳል። በዚያ በጦርነቱ ሽሽት ጊዜ እንኳ፣ ሰው ሁሉ ዱቄትና ብርድ ልብስ ይዞ ሲወጣ፣ እሱ ሁለት የቆዳ ኮርቻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የወጣው። ነሲባ ይህን አልረሳችም፤ ሌላው እንዲረሳም አትፈቅድም።

ነገሩ የከረረው በልጃቸው በናጅዋ ኒካህ ምክንያት ነው። የነሲባ አክስቶች ከሐራ ሊመጡ ነው፤ መጥተውም ሊያድሩ ነው። ቤቱ ያለው ትርፍ ክፍል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ከወለል እስከ ጣሪያ ብስክሌት ነው።

«ወይ ብስክሌቶችህ ይወጣሉ፣ ወይ አክስቶቼ ጎማ ተንተርሰው ያድራሉ» አለችው።

«የት ላውጣቸው?»

«ለቆራሌው ስጣቸው።»

ቆራሌው አሮጌ ብረት እየዞረ የሚሰበስበው ሰው ነው። ኢዘዲን ስሙን ሲሰማ ደረቱን ያዘ።

«ነሲባ፣ አፈር ስሆን! እነዚህ እኮ ውዳቂ ብረት አይደሉም። የሚሄዱ ናቸው።»

«የሚሄዱ? ማን ሲሄዱ አየ? አንዱ መሪ የለውም፣ አንዱ ፔዳል የለውም፣ አንዱ ደግሞ እንኳን ሊሄድ አልቆመም! ዕድሜዬን ሙሉ ‹አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው› ስትል ሰማሁህ።»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው እኮ!»

ነሲባ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «እሺ። አንዱን ሙሉ አድርግ። እላዩ ላይ ተቀምጠህ ሲሪንቃ ድረስ ሄደህ ተመለስ፤ ሳትወርድ፣ ሳትገፋ። ከተመለስክ ክፍሉ ያንተ ነው፣ ሁለተኛ ስለ ብስክሌት አልናገርም፤ ወላሂ አልናገርም። ካልሆነልህ ግን ቆራሌው ጋሪውን ይዞ ይመጣል።»

ጥግ ላይ ሙስበሃቸውን የሚቆጥሩት እናቷ፣ እማማ ሁሪያ፣ ቀና አሉ። «እኔ ምስክር ነኝ» አሉ።

ኢዘዲን ጥቁሯን መረጠ። ከባድ፣ ረጅም፣ የድሮ ሰው የሚነዳት ብስክሌት ናት። ካቴናዋን በጋዝ አጥቦ፣ ጎማዋን ለውጦ፣ ጨርሷታል። የቀራት ኮርቻዋ ብቻ ነው። ዛሬ ዛሬ ሱቅ የሚሸጠውን የፕላስቲክ መቀመጫ አንድ ጎረቤት ቢያመጣለት እንደ ተሰደበ ሰው ፊቱን አዞረ። «ለዚች? ፕላስቲክ?» አለ። እኛ ጎረቤቶቹ እዚህ ላይ ነበር ተስፋ የቆረጥነው።

የእሷ ኮርቻ ወልድያ እንዳለ ሰማ። የብስክሌቷ የመጀመሪያ ባለቤት ጋሽ ደሳለኝ በወጣትነታቸው የወባ ሠራተኛ ነበሩ። ብስክሌቷን ሲሸጡ ኮርቻዋን ፈትተው አስቀሩ፤ በባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ ቸንክረውም በረንዳቸው ላይ ተቀምጠውባት ባጃጅ ሲያልፍ ያያሉ።

«ጋሼ፣ ኮርቻዋን ይስጡኝ» አላቸው ኢዘዲን።

«የቷን?»

«የተቀመጡባትን።»

«እና የት ልቀመጥ?»

«ወንበር አመጣልዎታለሁ።»

«ወንበር!» አሉ ጋሽ ደሳለኝ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ይቺ እኮ ወንበር አይደለችም። የወባ መድኃኒት ተሸክሜ ሐብሩ ቆላ ስወርድ ስወጣ፣ በገዛ ቂጤ የቀረጽኳት ናት! በየትኛው ጎኔ እንደምከብድ ታውቃለች። ባለቤቴ እንኳ ይህን አታውቅም።»

«ስለማያስፈልገኝ ነው!» አሉ ባለቤታቸው ከውስጥ።

ኢዘዲን ወደ መርሳ ተመልሶ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ መጣ። ጋሽ ደሳለኝ ተቀመጡና «ያልበኛል» አሉ። በርጩማ ይዞ መጣ። «ይቺ ለልቅሶ ቤት ናት» አሉ። እያንዳንዷ ጉዞ በሚኒባስ ነው፤ እያንዳንዷ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «ዕቃህን ጭንህ ላይ!» ይላል። በመጨረሻ ኢዘዲን የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ፣ የንዴቱን ያህል ጥጥ የጠቀጠቀበት ትራስ ሰፋ፤ መደገፊያ ባለው የእንጨት ወንበር ላይም አሰረው። ሽማግሌው ተቀመጡ። ጭንቅላታቸው ወደ ደረታቸው ዘንበል አለ። ኢዘዲን ጉጠቱን አውጥቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሚስማሩን ቀስ ብሎ መንቀል ጀመረ።

«ንቀለው ንቀለው፣ እያየሁህ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

እንግዲህ የኢዘዲን እጅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቆዳውን ከብረቱ ለየው። ተሰነጣጥቆ፣ ጎብጦ፣ የዝናብና የፀሐይ መጫወቻ ሆኖ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከረው፣ ከዋንዛ በጠረበው ቅርጽ ላይ ወጥሮ በቁራጭ ጨርቅ ጠፍሮ አሰረው። ጥላ ውስጥ አደረቀው፤ ፀሐይ ከነካው ይኮማተራላ! ሲደርቅ ሰም ቀባው። በጥፍሩ ሲመታው ኳ ኳ አለ። የብስክሌት ኮርቻ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፤ ደረቅ ካልሆነ ሰው አይሸከምም። ኢዘዲን በደስታ ሳቀ፤ ቅርጹን ከነቆዳው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለጁምአ ሶላት ሄደ።

ሲመለስ እማማ ሁሪያ ግቢው መሃል እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቅርጹ ራቁቱን መሬት ላይ ወድቋል። ቆዳው ጭናቸው ላይ ነው።

ስለ እማማ ሁሪያ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በጉብዝናቸው ጊዜ በዚያ አገር እንደሳቸው ቁርበትና ስልቻ የሚያለፋ አልነበረም። እሳቸው ያለፉት ቁርበት ላይ ያልተኛ ሙሽራ የለም ይባላል። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሴት ደረቅ ቆዳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩ ምን ይሰማቸው? አዘኑለት! አወረዱት። ቅቤ አስፈለጉለት። በቅቤ ነከሩት፣ በተረከዛቸው ረገጡት፣ በጉልበታቸው ላይ ጎተቱት፣ በመዳፋቸው አሹት። ኢዘዲን መስጊድ የኢማሙን ኹጥባ እየሰማ ሳለ፣ እሳቸው ሙሽራ የሚተኛበት ቁርበት አደረጉት።

«ና ልጄ፣ ንካው እስቲ» አሉት ፊታቸው በርቶ። «ያለፋው ሰው እጁ ይሰበር! እንጨት እኮ ነው ያስመሰለው። አሁን ተመልከት፣ ሐር ነው።»

ኢዘዲን ነካው። ሐር ነበር። አጥፎ ኪሱ ሊከተው ይችል ነበር።

አፉን ከፈተ። ነገር ግን አማቱ ናቸው። አማች በአማቱ ፊት እንኳን ሊጮህ ጮክ ብሎ አያስነጥስም። ያ ሁሉ ወደ ጉሮሮው የመጣ ነገር ተመልሶ ወረደ፤ ሲወርድ ታየን።

«አላህ ይስጥልኝ እማማ» አለ። «ደከሙ።»

«ምን ደከምኩ! ሌላም ካለህ አምጣ።»

«የለም! ሌላ የለም!» አለና ሮጦ ገብቶ የቀሩትን ኮርቻዎች አልጋ ሥር ደበቀ።

ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣ። የፓፓያውን ግንድ ይዞ ከዛፉ ጋር ሲከራከር ነሲባ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ፊቷ ከእሱ ፊት የባሰ ነበር።

«ቅቤዬን» አለች በሹክሹክታ። «የኒካሁን ቅቤ!»

«ኮርቻዬን!» አለ እሱም በሹክሹክታ።

«ማሰሮውን እኮ ጠርገው ነው የጨረሱት!»

«ኮርቻው እኮ ጨርቅ ሆነ! ጨርቅ!»

«ለምን አትነግራቸውም?»

«እናትሽ ናቸው፣ አንቺ ንገሪያቸው!»

«እኔማ እንዴት እላቸዋለሁ? ‹ልጄን ልረዳ ብዬ› እያሉ ነው።» ነሲባ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «እንግዲህ ያለቀለት ነገር ነው። ቆራሌውን ልጥራ፤ ወይስ እንደ አልጋ በጠፍር ልትወጥረው ነው?»

ኢዘዲን ፓፓያውን ለቀቀ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩም።»

«በጠፍር አልሽ።»

«ለሹፈት ነው ያልኩት! ኢዘዲን! ለሹፈት ነው!»

እሱ ግን ሄዷል። የጠፍር አልጋ የሚሠራው ሰው ገበያው ጫፍ ላይ ነው ያለው። ጠፍር ያልለፋ ቆዳ ነው፤ በእርጥቡ ያስሩታል፣ ሲደርቅ እየተኮማተረ አልጋውን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። ኢዘዲን ቀጭን ቀጭኑን መርጦ መጣ። ቆዳው ላይ አመድ ነስንሶ ቅቤውን አስመጠጠው፤ የቻለውን ያህል። ብረቱ ላይ መልሶ ገጠመው። ከዚያ የቆዳውን ሁለት ጠርዝ በወስፌ እየበሳ፣ እርጥቡን ጠፍር በሆዱ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እንደ ጫማ ክር አስገብቶ፣ በጉልበቱ ይዞ ሳበው። አስሮም ማንም በማይደርስበት ወጋግራ ላይ ሰቀለው።

«ምነው ልጄ፣ ለምን እዚያ ሰቀልከው?» አሉ እማማ ሁሪያ ወደ ላይ እያዩ።

«ከአይጥ ነው እማማ» አለ።

አክስቶቹ የሚገቡበት ቀን ጠዋት አወረደው። በጥፍሩ መታው። ኳ! ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ተሰብስቧል። ነሲባ እጇን አጣጥፋ ቆማለች፤ በማዶ ቆራሌው ጋሪውን አቁሞ ሸንኮራ ያኝካል፤ ማን እንደጠራው አልጠየቅንም። ኢዘዲን ቢስሚላህ ብሎ ወጣ። ጥቁሯ ተንገዳገደች፣ አጓራች፣ ሄደች!

አስፋልቱ ላይ ባጃጆች ከበቡት። «አባባ፣ ሙዚየሙን አልፈውታል!» አለ አንዱ። «ተዋቸው፣ ለራሳቸው ሠርግ ነው የሚሄዱት» አለ ሌላው። ኢዘዲን መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ አልነበረውም። ዳገቱ ላይ እግሩ እሳት ሆነ፣ ብስክሌቷ ቆማ ልትቀር ምንም አልቀራት። ይሄኔ የማለዳው ፀሐይ ኮርቻውን አሞቀው፤ ከአመዱ የተረፈው ቅቤ መቅለጥ ጀመረ። የመንገዱ ዳር ውሾች አፍንጫቸውን አነሱ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁሉም ተከትለውት ሮጡ። ኢዘዲን ዳገቱን እንዴት እንደወጣው እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ባጃጆቹ ግን እንዳልደረሱበት ራሳቸው ተናግረዋል።

ሲሪንቃ ደርሶ ሊዞር ሲል የመንገድ ዳር ሽንኩርት ሻጭ ጮኸ።

«ጋሼ! አባቴም እንዲህ ያለች አለችው! ዶሮ ነው የሚተኛባት! ትወስዳታለህ?»

አስቡት! ሌላ ሰው ቢሆን ጆሮውን ደፍኖ ይመለስ ነበር።

«አምጣት!» አለ ኢዘዲን በቦታው እየዞረ።

«ውረድና እያት እንጂ!»

«መውረድ አልችልም!»

«ለምን?»

«ሚስቴ!»

ሰውየው ሌላ ምንም አልጠየቀም። ሮጦ ሄዶ ኩስ የለበሰ ፍሬም ይዞ መጣና፣ ኢዘዲን ክብ እየሠራ በአጠገቡ ሲያልፍ፣ አንገቱ ላይ አጠለቀለት።

መርሳ ሲገባ ከመንገድ ማዶ የነበርን ሁሉ ጮኽን። ከኋላ የሚከተለው ባለባጃጅ «ወላሂ አልወረዱም! እግራቸው መሬት አልነካም!» ብሎ መሰከረ። ኢዘዲን ከኮርቻው ሳይነሳ ነሲባ ፊት ቆመ። ሱሪው ከኋላ በቅቤ ወዝቷል፣ ትከሻው ላይ የዶሮ ላባ አለ፣ አንገቱ ላይ ሌላ ብስክሌት አለ።

ነሲባ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፍሬሙን አየችው። ከዚያ ሰማዩን።

«ክፍሉ ያንተ ነው» አለች። «ምያለሁ፤ አበቃ።»

ቆራሌው ሸንኮራውን ተፍቶ ጋሪውን አዞረ። ኢዘዲን ወርዶ የሁላችንንም እጅ ጨበጠ። ገና ጨብጦ ሳይጨርስ ከቤት ውስጥ የመጎተት ድምፅ ተሰማ። ነሲባ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ትራስና አንድ ጋቢ እየጎተተች ወጣች፤ በብስክሌቶቹ ክፍል በርም ወረወረቻቸው።

«ምንድን ነው?» አለ ኢዘዲን።

«አክስቶቼ መኝታ ቤታችን ያድራሉ። እኔም ከነሱ ጋር። አንተ ደግሞ ክፍልህ አለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሄዱ።»

የሐራዎቹ አክስቶች ደግሞ ኒካህ አለቀ ብለው ለመሄድ የሚቸኩሉ ሴቶች አይደሉም። ኢዘዲን ይህን ያውቃል። ገባ። ብረት ሲንኳኳ ሰማን፤ አንዱን አነሳ፣ ሌላው ወደቀ፤ ፍራሹን ዘረጋ፣ ግማሹ ብቻ ተዘረጋ። ጥቂት ቆይቶ ላባ የያዘ ጭንቅላቱ በበሩ ብቅ አለ።

«ነሲባ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ይቺን አዲሷን ለዛሬ ብቻ ሳሎን ላሳድራት?»