የቃሲም ተራ

ከሚሴ ለኮምፒውተር የተፈጠረች ከተማ አይደለችም። ሙቀቱ አለ፣ ከጨፋ ሜዳ በኩል የሚነፍሰው አቧራ አለ፣ መብራቱም እንደ ሙሽራ እየተለመነ ነው የሚመጣው። አንዋር መናኸሪያው አጠገብ በከፈታት ጠባብ የጥገና ሱቅ ሥራ አጥቶ የማያውቀውም ለዚህ ነው። ዝምተኛና ታጋሽ ሰው ነው። ሌላው ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ የሚገላገለውን ማሽን፣ እሱ ፋይሉን ሳያወጣ ለባለቤቱ አይመልስም።

ታላቅ ወንድሙ ቃሲም እንዲህ አልነበረም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ ቃሲም አንድ ቦታ መቀመጥ የሚጨንቀው ልጅ ነበር። ወንበር ላይ የሚያቆየው ነገር ቢኖር ሁለቱ አዋጥተው በገዙት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ጌም ብቻ ነው። ሁለት ንጉሦች አገር ያቀናሉ፣ ይዋጋሉ፤ አንዱ ተራውን ተጫውቶ ሲጨርስ ወንበሩን ለሌላው ይለቃል። በ1996 ዓ.ም. ቃሲም በባቲ አድርጎ፣ በባሕር ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ቆረጠ። በሚሄድበት ቀን ተራው የሱ ነበር። ምን እንደሚያደርግ ሲያወጣ ሲያወርድ መኪናው ደረሰበትና ጌሙን እንዳለ ሴቭ አድርጎ ተነሣ።

«እንዳትነካብኝ፤ ስመለስ እጨርሳታለሁ» አለው። ከባቲ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

በአገሩ ልማድ መርዶ ያልመጣበት ሰው አይለቀስለትም፤ ሰደቃም አይወጣለትም። ጎረቤት «እስከ መቼ ነው?» ማለት ሲጀምር አንዋር ይቆጣ ነበር። «ማን መርዶ አመጣ?» ይላል። ለእናቱ ለዘምዘም ግን የሚላት ቃል ስላልነበረው ጌሙን ከፍቶ ያሳያታል። ማንበብ ስለማትችል ስክሪኑ ላይ ያለውን እሱ ያነብላታል። «ተራው የቃሲም ነው ይላል፣ እማ። እየጠበቀው ነው።» እሷም «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ኮምፒውተር ግን መጠበቅ አያውቅም። አሮጌው ማሽን ሞተ። አንዋር ጌሙን ወደ ሌላ ሲያዛውረው ሣሩ ቀይ፣ ወንዙ ሐምራዊ ሆኖ ወጣ። ብዙ ደክሞ፣ የስክሪን ማስተካከያውን መስኮት ከጌሙ ኋላ ክፍት አድርጎ ሲተወው ቀለሙ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ እሱም በቅጡ አያውቅም፤ ብቻ ሠራ። በቀጣዩ ማሽን ላይ ደግሞ ሥዕሉ ተለጥጦ ግማሹ ከስክሪኑ ውጭ ቀረ፤ የሥዕሉን መጠን፣ ሪዞሉሽኑን፣ ዝቅ አድርጎ አስገባው። በየጊዜው የማሽኑ ስም ይለወጣል እንጂ ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ነበር።

የመጨረሻው ላፕቶፕ ከሁሉም ባሰ። የጌሙ ሙዚቃ ይሰማል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። የስክሪኑን ድራይቨር አደሰ፣ ለድሮ ሲስተም እንደሆነ አስመስሎ አስነሣው፤ ወይ ፍንክች። አንዋር ፈራ። ጌሙ ካልተከፈተ እናቱን ምን ሊላት ነው? በስንት ፍለጋ ከኢንተርኔት አንድ ትንሽ ፋይል አገኘ፤ የድሮውን ጌም ትእዛዝ አዲሱ ግራፊክስ ካርድ በሚገባው መንገድ የሚተረጉም ነው። ከጌሙ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ከተተውና ከፈተው። አረንጓዴው ሣር፣ ሰማያዊው ወንዝ፣ የቃሲም ስም፣ ሁሉም በቦታው ነበር።

እናቱን ጠራት። ዘምዘም ከኋላው ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይኼኛውስ ያቅተዋል ብዬ ነበር» አለች።

«ምኑ፣ እማ?»

«ማሽኑ። ወላሂ፣ እንዲያቅተው ዱዓ አድርጌያለሁ።» አጠገቡ ቁጭ አለች። «ባቲ ያለው ዩሱፍ፣ አብሮት ጀልባ የተሳፈረው፣ ከሳዑዲ ተባሮ የመጣ ጊዜ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። አንተ ዕቃ ልትገዛ ደሴ ነበርህ። ጀልባዋ ተገልብጣ ቃሲም ሲሰምጥ በዓይኑ አይቶታል።»

አንዋር እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ። «እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይችን ስትከፍታት ፊትህ ይበራል። እሱን እንዴት ላጥፋብህ፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ?»

«እኔ እኮ ለአንቺ ብዬ ነው የምከፍታት።»

ዘምዘም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። የጌሙ ሙዚቃ መጫወቱን ቀጠለ፤ አንዋር ድምፁን ዘጋው።

ከዚያም «ታዲያ ሰደቃውስ? ያለ ሰደቃ ቀረ?» አላት።

«እንዴት ያለ ሰደቃ ይቀራል? በየሐሙሱ የማበላህ ንፍሮ የማን መሰለህ?»

አንዋር አንገቱን ደፋ። ያን ሁሉ ሐሙስ የወንድሙን ሰደቃ ሲበላ ኖሯል፤ አንዳንዴም ጨው አንሶታል እያለ።