የመጀመሪያው ፈር

አባቴን አገሩ ሁሉ የሚጠራው «አባ ፈር» እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው። በልግ በገባ ቁጥር ገመድ ሳይወጥር፣ ችካል ሳይተክል፣ የመጀመሪያውን ፈር በማስመሪያ የተሰመረ አስመስሎ ያወጣዋል። ከማሳው ማዶ፣ ከውሃ መውረጃው አጠገብ፣ አንዲት ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበረች። እርፉን ይጨብጥና ዐይኑን ግንዷ ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ በቆሎውን ፈሩ ውስጥ እጥላለሁ። ሌላው ፈር ሁሉ የመጀመሪያውን ተከትሎ ነው የሚወጣው፤ እሱ ከተጣመመ ማሳው ሁሉ ተጣሞ ይከርማል።

ሰውዬው ሲናገር ቁጥብ፣ ሲቆጣ እሳት ነው። ዝናብ ሲዘገይ ሰማዩን እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ይሰድበዋል። እኔንም፣ ይህን ያህል ትልቅ ሴት ሆኜ፣ አንዲት ፍሬ ከፈሩ ውጭ ከወደቀችብኝ «ለወፍ ነው የምትዘሪው ወይስ ለእኛ?» ማለቱን አልተወም።

ዘንድሮ በልጉ ሳይገባ፣ በብርዱ ወራት፣ እናቴ ሞተች። ሐዘን ላይ እንደተቀመጥን ኃይለኛ ነፋስ ተነሥቶ ባሕር ዛፏን ገነደሳት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይሄ ነው። አባቴ ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከመኝታው አልነሣ ብሎ ስለነበር፣ ከወንድሜ ጋር ተመካከርንና ይህን ደግሞ አንጨምርበትም አልን። ዛሬ ነገ እንነግረዋለን ስንል ጎረቤቶች ግንዷን ፈልጠው ወሰዱት፤ በልጉም ከች አለ።

ታላቅ ወንድሜ ከተማ ውስጥ የጭነት መኪና ይነዳል። «አባባ ደክሟል፤ ማሳውን እናከራየውና እኔ ጋ ይኑር» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ደግሞ አባቴ ከዚህ መሬት ከተነቀለ ዕድሜ እንደማይኖረው ሆዴ ነግሮኛል። ከወንድሜ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። በስንት ጭቅጭቅ በአንድ ነገር ተስማማን፦ አባባ በዚህ በልግ ፈሩን ካወጣ ይቆያል፤ ካቃተው ይሄዳል። ለራሱም ነገርነው።

«ልትፈትኑኝ ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደስ አላለኝም።

የዘሩ ቀን በሬዎቹን ራሱ ጠመደ። እጁን አንደኛው በሬ ጀርባ ላይ እንዳደረገ እስከ ማሳው ራስ ሄደ። እኔ የዘሩን ቅርጫት ታቅፌ ከኋላው ቆሜያለሁ፤ አሁን ዛፏን ሲያጣት ምን ሊለን ነው? ለዘሩ ከከተማ የመጣው ወንድሜም መሬት መሬቱን ያያል። አባቴ አገጩን ወደ ውሃ መውረጃው ቀና አደረገ።

«ዛፏ ዘንድሮ እንዴት ለምልማለች እናንተ!» አለ።

ወንድሜና እኔ ተያየን። በዚያ በኩል ከአንድ ጉቶ በቀር ምንም አልነበረም።

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው ውስጥ የሚያስገባው፣ ሰው ካልተናገረ በር ላይ ቆሞ የሚቀረው፣ ሁሉም። እኔ ሞኟ ሐዘን ነው ብዬ ነበር። እሱ ዐይኑን፣ እኛ ዛፏን ስንደባበቅ ከርመናል።

«ሃ!» ብሎ በሬዎቹን አስነሣ። ፈሩ ሲጀምር ቀጥ አለ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። እያየሁ ዘሬን ብቻ እየጣልኩ ተከተልኩት። በማሳው ዳር ያለውን ሣር በእግሩ ሲረግጥ ቆመ። በጫማው ጫፍ ዳሰሰው።

«ፈር ለቀቅኩ?» አለ።

ወንድሜ ሊዋሽለት ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ ላይ አይቼዋለሁ። አልሆነለትም። «ለቀቅህ፣ አባዬ። ዛፏም የለችም። በሐዘኑ ሰሞን ነፋስ ጣላት።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣም። «እኔማ አምናም አላየኋት» አለ።

«ታዲያ አምና እንዴት አቀናኸው?» አልኩት።

«እናታችሁ ነበረቻ! ግንዷ ሥር ትቆምና እስክደርስ ታወራኛለች። ወደ ድምፅዋ ነበር የምሄደው። ለልጆቹ አልናገርም ብላ ምላልኛለች።»

አምና ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ጉልበቷ፣ ያለማቋረጥ ከማዶ ስትለፈልፍ ትዝ አለኝ። ሥራ ፈታች ብዬ ስቄባት ነበር። ለእኔ ለልጇ እንኳ ሳትነግረኝ መሞቷ አናደደኝ፤ ወዲያው ደግሞ ናፈቀችኝ።

«በሉ እንግዲህ፣ ቃል ቃል ነው» አለ አባቴ። «ልብሴን አሰናጂልኝ፣ ልጄ።» እጁ ግን እርፉን አልለቀቀም።

ቅርጫቱን ለወንድሜ አስታቀፍኩትና ማሳውን አቋርጬ ሄጄ ጉቶው ላይ ቆምኩ። ዞር ብል ወንድሜ ቅርጫቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ቀንበሩን እየሳበ በሬዎቹን ወደ ማሳው ራስ ሲመልሳቸው አየሁ። አባቴንም ከኋላቸው አቆመው።

«አባዬ! እዚህ ነኝ!» ብዬ ተጣራሁ። ከዚያ ወዲያ የምለው ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ጀመርኩ፤ ዶሮዎቹ መጣል እንዳቆሙ፣ ጨው እንዳለቀብን፣ ጣራው በጓዳው በኩል እንደሚያፈስ። በሬዎቹ ተንቀሳቀሱ። አባቴ አንገቱን ወደኔ አስግጎ፣ ጆሮውን አቅንቶ መጣ። ማሳው መሐል ሲደርስ፣ ፊቱን በደንብ ሳየው፣ እንባ ተናነቀኝና ድምፄ ተቆረጠ።

እሱም ቆመ።

«አውሪ እንጂ፣ ልጄ!» ብሎ ጮኸ። «ዝም ስትዪ ይጨልምብኛል!»

አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩና ስለ ጣራው ካቆምኩበት ቀጠልኩ።