የተናኘወርቅ የሙከራ ጊዜ

ወልቂጤ ውስጥ ተናኘወርቅን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ጾመኛ ነው ወይ ትናንት የመጣ። አንድ ክትፎ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ሥጋ ከትፋለች። የቀጠሯት የድሮው ባለቤት አቶ ተካ ናቸው፤ ቅጥሩም አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ከነገ ጀምረሽ ግቢ።» ገባች። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ቢላዋዋን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። አንድ አስተናጋጅ ሎሚ ሊቆርጥበት ሞክሮ የወረደበትን ስድብ እስከ ዛሬ ለሰው አልተናገረም። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ዘንድሮ አቶ ተካ ቤቱን ለወንድማቸው ልጅ ለክርስቲያን ሸጡለት። ክርስቲያን ዘመናዊ ነው፤ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ፕሪንተር መግዛት ነው። አገር ሁሉ ለመስቀል ወደየቤተሰቡ በሚጎርፍበት ቀን፣ ወደ አረቅጥ የሚሄደው ሚኒባስ ክትፎ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን እያንባረቀ ሳለ፣ ክርስቲያን ለዘጠኙ ሠራተኞች ወረቀት አደለ። ጉራጌ ለመስቀል አገር ቤት ሊገባ ሲል የሰጡትን ሁሉ ይፈርማል፤ የራሱን የሞት ፍርድ ቢሆን እንኳ። ስምንቱ እቃቸውን ብብታቸው ውስጥ እንደሸጎጡ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ፈረሙ።

ተናኘወርቅ አነበበች።

«ክርስቲያን፣ ይሄ ምንድን ነው? ‹የሙከራ ጊዜ ስልሳ የሥራ ቀን፣ ውሉ ለአንድ ዓመት›?»

«እትዬ ተናኜ፣ ፎርማሊቲ ነው። ባለቤት ተቀየረ፤ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።»

«እኔን ልትሞክረኝ? ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የተደገሰልህን ክትፎ ማን ከተፈው?»

«ካልፈረምሽ ከመስቀል በኋላ እንዳትመጪ።»

ቀልዱ እዚህ ላይ ቆመ። ብትፈርም ሰባቱን ዓመት ውሃ በላው፤ ባትፈርም ሥራዋን።

የሚኒባሱ ሾፌር ይትባረክ ሊጠራት ገባ። ነገሩን ሲሰማ ግን ተመልሶ ወጣና ጮኸ፦ «ጋሽ ይታገሱ! ይውረዱልን!» ጋሽ ይታገሱ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፉ ያረጁ ሰው ናቸው። ወረዱ። ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራው ሚኒባስ የጫናቸው አሥራ ዘጠኝ ሰዎችም ተከትለው ወረዱ፤ ወሬ ተቀምጠው አይሰሙትማ።

ጋሽ ይታገሱ መነጽራቸውን ሰኩ። «ተካ በቃል ነው የቀጠራት? የቃል ውልም ውል ነው፤ ወረቀት ስለሌለ መብቷ አይጠፋም። ቤቱ ስለተሸጠም የሥራ ውሏ አይቋረጥም። ከቤቱ ጋር ወደ አንተ ተላልፏል።»

«እንደ ፍሪጁ?» አለ ይትባረክ።

«ከፍሪጁ በላይ! ፍሪጁን ያለ ምክንያት አውጥቶ መጣል ይችላል።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ክርስቲያን ቀላ። «ታዲያ ወረቀት ይኑር ማለቴ ጥፋት ነው?»

«ጽድቅ ነው!» አሉ ጋሽ ይታገሱ። «ብቻ ውል የሁለት ሰው ፈቃድ ነው። አንዱ ጽፎ ሌላው ቸኩሎ አይሆንም።»

ተናኘወርቅ እስክሪብቶ ተቀበለች። ‹የሙከራ ጊዜ› የሚለውን ሰረዘች። ‹ለአንድ ዓመት› የሚለውን ሰረዘችና «ከጥቅምት 2011 ጀምሮ፣ ላልተወሰነ ጊዜ» ብላ ጻፈች። ፈረመችና ወረቀቱን ዘረጋችለት።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ ክርስቲያን።

«የእኔ ሐሳብ። ካልተስማማህ አትፈርም፤ ማን ያስገድድሃል?»

ጋሽ ይታገሱ ሳቃቸውን አፈኑ። «ልክ ናት። ቀይራ ከመለሰችው አዲስ ሐሳብ ነው። አሁን እሺ ወይ እምቢ ማለት ያንተ ተራ ነው።»

ይትባረክ ይህን ሲሰማ ሮጦ መሪው ጋ ተቀመጠና ክርስቲያን እንዲፈጥን ጡሩምባውን ለቀቀው። ጋሽ ይታገሱ እጃቸውን እያወዛወዙ ተከተሉት፦ «ተው አንተ! እየነፋህበት ቢፈርም ነገ ተገድጄ ነው ይላል! በግድ የተገኘ ፈቃድ ውል ያፈርሳል!»

ጡሩምባው ጸጥ አለ።

ክርስቲያን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እትዬ ተናኜ፣ ሌላ ክትፎ ቤት ጠርተውሻል እንዴ?» አለ።

«ሁለት ቤት።»

ውሸቷን ነው፤ ሦስት ነው።

ፈረመ።

እልልታው እስከ መናኸሪያ ተሰማ! «ኮፒውን ለእኔ» አለች ተናኘወርቅ፣ ፕሪንተሩን በአገጯ እያሳየች። ኮፒው ገና ሳይወጣ ስምንቱ ሠራተኞች እቃቸውን መሬት ጥለው ክርስቲያንን ከበቡት፦ «የእኛንም አምጣው፤ አላነበብነውም!»

ሚኒባሱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተነሳ። ተናኘወርቅ ጋቢና ተቀምጣ ውሉን ለይትባረክ ጮክ ብላ ስታነብለት ነበር፤ አረቅጥ እስኪደርሱ አራት ጊዜ ጨርሳዋለች አሉ።